ከዋጡት በኋላ የሚጣፍጥ ሻይ

ቲዬጓንዪን የሚባለውን የቻይና ሻይ መጀመሪያ የቀመስኩት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። 2010 ዓ.ም. ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ቻይና፣ ሺያመን ከተማ ከገባሁ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም። የማሳትመው ወረቀት ብዙ ነው፤ ማሽኑ ቀርፋፋ ነው። ባለሱቁ ሃምሳን ያለፈ ሰውዬ ነው። ተማሪው ሁሉ «ላኦባን» ይለዋል፤ ባለሱቅ እንደማለት ነው። ከማተሚያው ጎን የቀርከሃ ትሪ አለ። ትሪው ላይ ትንንሽ ነጫጭ ሲኒዎች ተደርድረዋል። በእጁ «ቁጭ በይ» አለኝና ቀዳልኝ።

ሲኒዋ ከኛ የቡና ሲኒ በግማሽ ታንሳለች። ሻዩ ቀይ አይደለም። ወደ ቢጫ የሚወስደው አረንጓዴ ነው፤ የሲኒው ሥር በደንብ ይታያል። «ስኳር አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። እኛ ቤት ሻይ ያለ ስኳር አይታወቅም። አባቴ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ነው የሚጨምረው። ላኦባን በጥያቄዬ አልተገረመም። «ጠጪና ትንሽ ቆዪ» አለኝ።

ጠጣሁት። መጀመሪያ ውሃ ውሃ አለኝ። አፍንጫዬ ግን የሆነ አበባ አገኘ። የማውቀው ሽታ ነው፤ ከየት እንደማውቀው ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። ከዋጥኩት በኋላ ጥቂት ሰከንድ አለፈ። ከዚያ ከጉሮሮዬ ሥር፣ ከምላሴ ግራና ቀኝ፣ ጣፋጭ ነገር ቀስ ብሎ ወጣ። ሸንኮራ አኝከው ከተፉት በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው ዓይነት ነው። ምራቄ ራሱ ጣፈጠኝ። ቻይኖቹ ለዚህ ነገር ስም አላቸው። «ሁዪጋን» ይሉታል፤ ተመልሶ የሚመጣ ጣፋጭ ማለት ነው።

ወረቀቱ ታትሞ ካለቀ በኋላም ሦስት ሲኒ ጠጥቼ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ይህን ሻይ ሳልጠጣ ያለፈኝ ሳምንት ትንሽ ነው።

ይህን የምጽፈው እዚህ አዲስ አበባ ብዙ ሰው ቤት ይህንኑ ሻይ እያየሁት ስለሆነ ነው። ከጓንግዡ የተመለሰ ነጋዴ ዘመድ በስጦታ ያመጣዋል። በሚያምር ቆርቆሮ የታሸገ ነው። ይከፈታል፣ በራድ ውስጥ ከቀረፋና ቅርንፉድ ጋር ይፈላል፣ ስኳር ይጨመርበታል። ከዚያ «ጣዕም የለውም» ይባልና ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ጎረቤቴ ቤት እንዲህ የተቀመጠ ቆርቆሮ ሳይ አዘንኩ። በትክክል ቢዘጋጅ ኖሮ ቤተሰቡ ሁሉ የሚወደው ሻይ ነበር።

 ቲዬጓንዪን ኡሎንግ ከሚባለው፣ በጥቁርና በአረንጓዴ ሻይ መሐል ካለው ዓይነት አንዱ ነው። አገሩ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ ፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ አንሺ ወረዳ ነው። «ቲዬ» ብረት ነው። «ጓንዪን» ደግሞ ቡድሂስቶች የምሕረት እመቤት አድርገው የሚያከብሯት ናት። የስሙን አመጣጥ በሁለት መንገድ ያወሩታል። በአንደኛው ዌይ የሚባል ገበሬ በየቀኑ ለጓንዪን ምስል ሻይ ያቀርብ ነበር፤ በሕልሙ ያየውን ተክል ሲነጋ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አገኘው ይላሉ። በሁለተኛው ዋንግ የሚባል ምሁር ያገኘውን ተክል ለንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ አቀረበ፤ ስሙን ያወጡት ንጉሡ ናቸው ይላሉ። ሁለቱም ታሪኮች የሚወስዱን ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንሺ ብትሄዱ የሁለቱም ወገን ደጋፊ ታገኛላችሁ፤ ክርክሩም አያልቅም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። የሺያመን አካባቢ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ሻይን «ቴ» ነው የሚሉት። እንግሊዞቹና ፈረንሳዮቹ የሚጠሩበት ስም የመጣው በመርከብ ከዚሁ ጠረፍ ነው። የኛ «ሻይ» ግን በሌላኛው በር፣ «ቻ» ከሚሉት ቻይናውያን ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የደረሰ ነው። «ሲኒ» የሚለውንም ቃል ዐረብኛ ለሚያውቅ ሰው ብትጠይቁት «ቻይናዊ ማለት ነው» ይላችኋል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቡና በቀረበ ቁጥር ሲኒዋን በሌላ ዓይን ነው የማያት።

ጣፋጩና አበባው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው የአበባ ሽቶ የተጨመረበት ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። የገባኝ አንሺ ሄጄ አንድ ሌሊት ካደርኩ በኋላ ነው።

የክፍል ጓደኛዬ ቤተሰቦች ሺፒንግ በምትባል የአንሺ ከተማ አጠገብ ሻይ ያመርታሉ። በጥቅምት፣ በመኸሩ ለቀማ ወቅት ይዛኝ ሄደች። ቀኑ ፀሐያማና ነፋሻማ ነበር። አባቷ በጣም ደስ ብሏቸዋል፤ ለዚህ ሻይ እንዲህ ያለ ቀን ነው የሚፈለገው። የሚለቀመው ለጋው ጫፍ ብቻ አይደለም። ቅጠሉ እስኪከፈት ጠብቀው ከጫፉ ሦስት አራት ቅጠል ከነግንዱ ነው የሚቀጥፉት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ትንሽ ያጠወልጉታል። ከዚያ ቤት ያስገቡትና እንደኛ ሰፌድ ያለ፣ ግን በጣም ትልቅ የቀርከሃ ዕቃ ላይ ያሰጡታል።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ማታ ነው። ቅጠሉ ከቀርከሃ የተሠራ በርሜል የመሰለ ነገር ውስጥ ይገባና ይሽከረከራል። ሻሻሻ የሚል ድምፅ አለው፤ ገብስ ሲነፋ እንደሚሰማው። ቅጠል ከቅጠል እየተጋጨ ጠርዙ ይቆስላል። ከዚያ አውጥተው ሰፌዱ ላይ ያሳርፉታል። እንደገና ያሽከረክሩታል፣ እንደገና ያሳርፉታል። በእያንዳንዱ ዙር መሽከርከሩ ይረዝማል። የጓደኛዬ አባት ሰዓት አያዩም። እጃቸውን ቅጠሉ ውስጥ ከተው ዝቅ ብለው ያሸታሉ። በአፍንጫቸው ነው የሚወስኑት።

እኔም አብሬ አሸተትኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የታጨደ ሣር ነበር፤ ሌላ ምንም። ስድስት ሰዓት ገደማ ኃይለኛና ያልበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ መጣ። ሊነጋ ሲል ቀሰቀሱኝ። ክፍሉን ስከፍተው አበባ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ማንም ምንም አልጨመረበትም። ማታ ሣር የነበረው ያው ቅጠል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተቀጠፈ ቅጠል ወዲያው አይሞትም። ሲቆስል ራሱን ለመከላከል ጥረት ያደርጋል፤ በዚያ ጥረት ውስጥ ነው የአበባ መዓዛ ያላቸው ንጥረ ነገሮች የሚፈጠሩት። የቆሰለው ጠርዝ ደግሞ አየር ሲያገኘው እንደተላጠ ሙዝ ይቀላል። ጥቁር ሻይ ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ የሚተው ነው፤ እኛ አገር የምንጠጣው የውሽውሽና የጉማሮ ሻይ እንደዚያ ነው። አረንጓዴ ሻይ ገና ከመጀመሪያው በእሳት ይቆማል። ኡሎንግ መሐል ላይ ነው። ጠርዙ ቀላ ይላል፣ መሐሉ አረንጓዴ ይቀራል። ሰውየው መዓዛው ደረሰ ብለው ሲወስኑ በኃይለኛ ሙቀት ያስቆሙታል። ቀጥሎ በነጭ ጨርቅ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፣ ይጨመቃል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጠቀለላል። ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ቅጠሉ እንደ ትንሽ ጠጠር ተጠቅልሎ የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ አሮጊቶች ጠረጴዛ ከበው ግንዱን በእጃቸው አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ ቡና እንደምንለቅመው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 የቻይናን ባህላዊ የሻይ አዘገጃጀት ሙያ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ የቲዬጓንዪን ሥራም አብሮ ተካቷል። ያን ሌሊት ላየ ሰው ይገባዋል።

አሁን አጠጣጡ ላይ ልምጣ፤ ስህተቴን አስቀድሜ ልናገር።

ለራሴ የገዛሁትን የመጀመሪያውን ሻይ አበላሽቻለሁ። ዶርም ውስጥ ትንሽ ድስት ነበረችኝ። ሁለት ማንኪያ ቅጠል ጨምሬ፣ ቀረፋ ጣል አድርጌ፣ አሥር ደቂቃ አፈላሁት። የወጣው አፍ የሚይዝ መራራ ነገር ነው። አበባው በእንፋሎት ሄዷል። ስኳር ብጨምርም አልዳነም። ደህና ገንዘብ ነበር የከፈልኩበት፤ በጣም ነው ያዘንኩት። በማግስቱ ለላኦባን ነገርኩት። አንድ ፓኬት አወጣና ከመጀመሪያው አስተማረኝ። ቀጥሎ የምጽፈው እሱ ያሳየኝን ነው።

ዕቃው ጋይዋን ይባላል። ክዳን ያለው፣ እንደ ሲኒ ከፖርሴሊን የተሠራ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ከ110 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በዚያች ላይ 7 ግራም ቅጠል ይገባል። ለኛ ዓይን ብዙ ነው። ለአንድ ሲኒ እፍኝ ቅጠል ማለት ነው። ቅጠሉ ሲከፈት ሳህኑን ይሞላዋል፤ ክዳኑንም ይገፋል። ቅጠሉ ብዙ፣ ውሃው ትንሽ፣ ጊዜው አጭር። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምሬቱ ከቅጠሉ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ መዓዛው ግን ቶሎ ይወጣል። ቶሎ ከቀዳችሁት አበባውን ታገኛላችሁ፤ ምሬቱ እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ ባዶውን ዕቃ በፈላ ውሃ ታሞቁታላችሁ። ውሃውን ደፍታችሁ ቅጠሉን ጨምራችሁ ክዳኑን ግጠሙና ነቅነቅ አድርጉት። ከዚያ ክፈቱና አሽትቱ። ይህን አትዝለሉ፤ ደረቁ ቅጠል ሙቀት ሲያገኝ የሚሰጠው መዓዛ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ቅጠሉን ለማንቃት ነው፤ ወዲያው ትቀዱትና ሲኒዎቹን ታሞቁበታላችሁ። ከሁለተኛው ጀምሮ ይጠጣል። 15 ሰከንድ፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 20። ከዚያ በኋላ በየዙሩ አሥር አሥር ሰከንድ ጨምሩ። ጥሩ ቲዬጓንዪን ሰባት ጊዜ ውሃ ተቀብሎ መዓዛው አይጠፋም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ለምንቆጥር ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዙሩ ብቻ ነው የሚበዛው። የሚገርመው ደግሞ አቦሉ ምርጥ አይደለም። እኔ ሦስተኛውንና አራተኛውን ነው የምወደው። ቅጠሉ ያኔ ነው ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ብዙ ያበላሻሉ። አንደኛው ውሃ ማስቀረት ነው። ስትቀዱ እስከ መጨረሻው ጠብታ አንጠፍጥፉት። ቅጠሉ ላይ የቀረ ውሃ ለሚቀጥለው ዙር መራራ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛው ዕቃውን እስከ አፉ መሙላት ነው። ጣት የሚያቃጥለው እሱ ነው። ጠርዙ ውሃ ካልነካው አይግልም።

ሰው ካለ ከጋይዋኑ በቀጥታ አትቅዱ። አንድ ማንቆርቆሪያ ነገር ውስጥ ገልብጡና ከዚያ አካፍሉ። አለዚያ የመጀመሪያው ሰው የቀጠነውን፣ የመጨረሻው የወፈረውን ይጠጣል። ደቡብ ቻይና ሲቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋላችሁ፤ ምስጋና ነው። ወሬ ሳይቋረጥ ማመስገን ይቻላል። ይህን ልማድ ወድጄዋለሁ፤ እስከ ዛሬ እጄ ሳላስበው ያደርገዋል።

ሌላው የደረሰብኝ ነገር በዐቢይ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ ምንም ሳልቀምስ ላኦባን ጋ ገባሁ። ወተት የለበትም፣ ስኳር የለበትም፣ ለጾም ምን ይሻለዋል ብዬ ነው። አምስት ሲኒ ያህል ጠጣሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሊያስመልሰኝ ደረሰ። ላኦባን ፊቴን አይቶ ቶሎ የኦቾሎኒ ከረሜላ ሰጠኝ። «ሻይ አሰከረሽ» አለ። በባዶ ሆድ ካፌይኑ እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ ጾም የምታፈጥሩበት መጀመሪያ አታድርጉት። መጀመሪያ እህል ቅመሱ፣ ከዚያ ጠጡ። ሺያመን ውስጥ ከሻዩ ጋር ኦቾሎኒና በማሾ የተሞላ ትንሽ ኬክ ያቀርባሉ። እዚህ እኔ ቆሎ ነው የማቀርበው። የገብስ ቆሎ ከዚህ ሻይ ጋር እንዲህ ይስማማል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ምግብ እንደበላችሁ ወዲያው መጠጣትም ጥሩ አይደለም። ማንኛውም ሻይ ከምግብ የምናገኘውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ደም ማነስ ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች በተለይ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ማታ ደግሞ እንቅልፍ ይከለክላል። ቀለሙ ቀጭን መሆኑ አያታልላችሁ። ቦርጭ ያጠፋል እየተባለም ይሸጣል። እኔ ለዚያ ብዬ ገዝቼው አላውቅም፤ እናንተም ለዚያ ብላችሁ አትግዙት። የሚጠጣው ስለሚጣፍጥ ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ ስመለስ ሻዩ እምቢ አለኝ። ያው ሻይ፣ ያው ጋይዋን፣ ያው 7 ግራም። መዓዛው ታፍኗል፣ ጣፋጩም አይመጣም። መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው ብዬ ሌላ ፓኬት ከፈትኩ። ያው ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ምክንያቱን አጣሁት። አንድ ቀን ባቄላ እየቀቀልኩ ነው የመጣልኝ። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ውሃው ይፈላል እንጂ እንደ ቆላ አይግልም!

የኩሽና ቴርሞሜትር አምጥቼ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 92 ዲግሪ። ሺያመን ባሕር ዳር ናት፤ እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እዚያ የተማርኩት 15 ሰከንድ እዚህ አይሠራም።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ዕቃውን አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አሙቁት፤ ካለን ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ ዕቃ ሌላ አምስት ዲግሪ እንዳይሰርቀን። ውሃውን ከምድጃው እንዳነሣችሁ፣ እየተንተከተከ ጨምሩት። «ትንሽ ይብረድ» የሚለውን ምክር እርሱት፤ እሱ ለቆላ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ዙር ከ30 እስከ 40 ሰከንድ አቆዩት። አንድ ግራም ቅጠል ብትጨምሩም አይጎዳም። አሥመራም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ሰንዓም ያላችሁ እንዲሁ አድርጉ። ጅዳ ያላችሁ ግን ሺያመን እንዳላችሁ ቁጠሩት። ውሃው ራሱ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ ደግሞ ያበላሻል። እኔ የታሸገ ውሃ ነው የምጠቀመው።

ጋይዋን ከሌላችሁ አትጨነቁ። የቡና ሰርቪስ ውስጥ ክዳን ያላት የስኳር ዕቃ አለች አይደል? እሷ ናት። የኔ ጋይዋን ተሰብሮ ለስድስት ወር በእሷ ነው የጠጣሁት። መያዣ ስላላት እንዲያውም ጣት አታቃጥልም። ክዳኗ ላይ ለማንኪያ የተተወችው ቀዳዳ ትንሽ እንፋሎት ታስወጣለች፤ በጣቴ ጨርቅ አድርጌ እይዛት ነበር። ጀበና ግን ለዚህ አይሆንም። ሸክላው የቡና ሽታ ጠጥቷል፤ አይለቅም።

ቢሮ ከሆናችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ 3 ግራም ያህል፣ ሥሩን እንደነገሩ የሚሸፍን ቅጠል፣ ጣል አድርጉና የፈላ ውሃ ሙሉበት። ቅጠሉ ሲከፈት ይሰምጣል። ሢሶው ሲቀር እንደገና ውሃ ጨምሩ። ቻይና ውስጥ ታክሲ ነጂው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠጣው። በፔርሙዝ ከነቅጠሉ አትያዙት፤ ሙቀቱ ሰዓታት ስለሚቆይ ይመርራል።

ለጀማሪ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ቀዝቃዛውን ነው። ከ5 እስከ 6 ግራም ቅጠል ግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፣ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፣ ጠዋት አጥልሉት። ቀዝቃዛ ውሃ ምሬቱን ብዙም አያወጣም። የሚመጣው ጣፋጩና አበባው ነው። ስኳር መተው ላልቻለ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። አባቴን የረታሁት በዚህ ነው። አንድ ጠርሙስ ጨርሶ «ስንት ማንኪያ ነው ያደረግሽበት?» አለኝ።

አገዛዙን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቲዬጓንዪን ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል። ቀለል ያለው አረንጓዴና አበባ አበባ የሚለው ነው። የተቆላው ደግሞ ቡናማ ነው፤ የተጠበሰ ስንዴና ማር ያስታውሳል። አበባ ፈልጋችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጠይቁ። በሚያዝያና በግንቦት የሚለቀመው ለውሃው ልስላሴ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የሚለቀመው ለመዓዛው ይመሰገናል። እኔ የጥቅምቱን እመርጣለሁ። ደረቁ ቅጠል ገና ፓኬቱ ሲቀደድ ክፍሉን የሚሞላ ሽቶ ካለው ጠርጥሩ። የተፈጥሮው መዓዛ በደረቁ ለስለስ ያለ ነው፤ የሚነሣው ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ነው። ሽቶ የተቀባው ግን በሁለተኛው ዙር ባዶ ይሆናል። «የወተት ኡሎንግ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙው እንዲህ ነው። እውነተኛው ጂንሹዋን የሚባል የታይዋን ዝርያ ነው፤ የወተት ሽታው በጣም ቀጭን ነው። ታይዋን ውስጥ ሌላም አለ፤ ትንንሽ ነፍሳት ቅጠሉን ሲነክሱት የማር ጣዕም የሚያመጣ ኡሎንግ። ተባዩ ካልመጣ ሻዩ ያን ጣዕም አያገኝም። አንዴ ብቻ ቀምሼዋለሁ፤ አሁንም ይናፍቀኛል።

አቀማመጡ ላይ ተጠንቀቁ። ሻይ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። የኔን አንዴ ከቅመም ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ከሳምንት በኋላ ኮረሪማ ኮረሪማ አለኝ። በርበሬ፣ ዕጣን፣ የተቆላ ቡና ካለበት አርቁት። ቀለል ያለው ዓይነት በ7 ወይም በ8 ግራም አየሩ ተስቦ የታሸገ ፓኬት ነው የሚመጣው። ያን ከነእሽጉ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ልትጠጡ ስትሉ አንዱን አውጡና ሙቀቱ ከቤቱ ጋር እስኪስተካከል ሳትከፍቱ ጠብቁ። ወዲያው ከከፈታችሁት ይረጥባል።

አባቴን ከረታሁ በኋላ የቀረችው እናቴ ነበረች። እኛ ጅማ ነው ያደግነው፤ እሷ ቡና ጠጪ ናት፣ ሻይ ለበሽተኛ ነው ትላለች። መጀመሪያ የቀዳሁላትን ቀምሳ «ውሃ ውሃ ይላል» ብላ አስቀመጠችው። አልተከራከርኳትም። ዙሩን ቀጠልኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ ክዳኑን አንሥቼ ሰጠኋትና «አሽትችው» አልኳት። ላኦባን ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ መዓዛው ከውሃው ይልቅ ክዳኑ ሥር ነው የሚሰበሰበው።

ክዳኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ዝም አለች። እንደገና አሸተተች።

«ይሄማ የቡና አበባ ነው» አለችኝ።

ከጓሯችን ያሉት ቡናዎች የበልግ ዝናብ ካገኛቸው ከቀናት በኋላ በአንድ ሌሊት ነጭ ይሆኑ ነበር። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አፍንጫዬ ያወቀው፣ እኔ ግን ስሙን ያጣሁለት እሱ ነበር። እናቴ ሲኒዋን አነሣች፣ ጠጣች፣ ቆየች። ክዳኑን ሳትመልስልኝ «ድገሚኝ እስቲ» አለች።